የአንባቢያን ጥያቄ፦ የገጠር አጥቢያችንን ታሪክ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከኮምቦልቻ ነው። የተወለድኩት ግን ቃሉ ወረዳ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ራቅ ባለች የገጠር ቀበሌ ነው። እዚያ አንዲት ትንሽ የጴንጤቆስጤ አጥቢያ አለችን። ጭቃ ቤት ናት። ቆርቆሮዋም ዝጓል። ሽማግሌዎቹ «የተማርከው አንተ ነህ» ብለው ታሪኳን እንድጽፍ አዘዙኝ። ችግሩ አንዱ በጃንሆይ ጊዜ ተጀመረች ይላል፣ ሌላው በደርግ፣ ሌላው ኢሕአዴግ ከገባ በኋላ ነው ይላል። ወረቀት የሚባል ነገር የለም። ከመጀመሪያዎቹ ምእመናን በሕይወት ያሉት ሁለት እናቶችና አንድ አባት ብቻ ናቸው። ደግሞ ቀብር የተከለከልንበት ጊዜ ነበር። ከኛም ተጣልተው ወጥተው ሌላ ቤተ ክርስቲያን የመሠረቱ አሉ። ይሄ ሁሉ ይጻፍ ወይስ ይቅር? ከየትስ ልጀምር?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከሁለቱ እናቶች ጀምር። በዚህ ሳምንት ሂድ። ወረቀት ፍለጋው፣ ወረዳ መመላለሱ፣ አዲስ አበባ ስልክ መደወሉ ሁሉ በኋላ ይደርሳል። እናቶቹ ግን አርጅተዋል።

ለምን እናቶቹን እንዳስቀደምኩ ልንገርህ። እስካሁን ያነበብኳቸው የአጥቢያ ታሪኮች አብዛኞቹ አንድ መልክ አላቸው። ወንጌላዊው መጣ ይላሉ። ቀጥሎ የሽማግሌዎች ስም ከነፎቷቸው ይደረደራል። ከዚያ ሕንጻው ስንት ብር ፈጀ፣ ማን ስንት ቆርቆሮ ሰጠ፣ አለቀ። ግን እኮ የገጠር አጥቢያ ለብዙ ዓመት ሕንጻ የለውም። የአንድ ሰው ቤት ነው። በዚያ ቤት ደግሞ ማታ ማታ ለጸሎት የሚመጣውን ሰው የምትቀበል፣ ኩራዝ የምታበራ፣ ውሻውን የምታስር፣ ጎረቤት ሲጠይቃት «ዘመድ መጥቶብኝ ነው» የምትል ሴት አለች። ቃለ ጉባኤ ላይ ስሟ የለም። ሽማግሌም ዲያቆንም አልተባለችም። እሷን ሳይጠይቅ የጻፈ ሰው የአጥቢያዋን መጀመሪያ አላገኘውም ብዬ አምናለሁ።

ስትጠይቃቸው «ቤተ ክርስቲያኗ መቼ ተመሠረተች?» ብለህ አትጀምር። ሦስት ሰዎች ሦስት ዘመን የነገሩህ ዋሽተውህ አይመስለኝም። አንዱ የሚቆጥረው የመጀመሪያው ሰው ጌታን ከተቀበለበት ቀን ነው። ሌላው የቤት ኅብረቱ ከተጀመረበት። ሦስተኛው ደግሞ ቀበሌው ቦታ ከሰጠበት ወይም ቆርቆሮው ከተመታበት። ሦስቱንም ጻፋቸው። አንዱን ልክ ሌላውን ስህተት አታድርግ።

ዓመቱን ለማግኘት ቀላል መንገድ አለ። የገጠር ሰው ዓመተ ምሕረቱን በቁጥር ላይዝ ይችላል፣ ቅደም ተከተሉን ግን አይስትም። «ከስልሳ ስድስቱ ረሃብ በፊት ነው በኋላ? ገበሬ ማኅበር ተቋቁሞ ነበር? መሠረተ ትምህርት ሲገቡ አምነው ነበር? በሰባ ሰባት የት ነበሩ? ኢሕአዴግ ሲገባ የትኛውን ልጅ አዝለው ነበር?» እያልክ ጠይቅ። የገጠር መሬት አዋጅ የወጣው በየካቲት 1967 ዓ.ም. ነው። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው በ1971 ተጀመረ። ደርግ የወደቀው ግንቦት 1983 ነው። መልሳቸውን በነዚህ መሃል እያስገባህ ብትሄድ ለትክክለኛው ዓመት በጣም ትቀርባለህ። በነገራችን ላይ መሠረተ ትምህርቱን እንዲሁ አትለፈው። ያ ዘመቻ ብዙ የገጠር ሰው ፊደል አስቆጥሯል። እናቶቹ መጽሐፍ ቅዱስ ራሳቸው ያነቡ እንደሆነ፣ ማንበብስ የት እንደተማሩ ጠይቃቸው።

የፈረንጅ ወረቀት ካጋጠመህ ደግሞ ቀኑን ሳታይ አትለፍ። ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆቹ ታኅሣሥ ማብቂያ ድረስ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው። ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ድረስ 8 ዓመት ይሆናል። ሁሉንም በ8 የቀነሰ ሰው አንድ ዓመት ያዛባል፣ በዚያ አንድ ዓመት ውስጥ ደግሞ መንግሥት ሊቀየር ይችላል።

ሰባ ሰባት ላይ ቆይ። ለወሎ ሰው ሰባ ሰባት ረሃብ ብቻ አይደለም፣ መበተንም ነው። በ1977 እና በ1978 መንግሥት ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሰው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አስፍሯል፣ ትልቁ ክፍል ከወሎ ነው። ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋ፣ ጋምቤላ፣ መተከል ሄደዋል። ምዕራብ ወለጋ የደረሱት ያረፉት የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ከቆየችበት፣ የወንጌላውያን እምነት እንግዳ ካልሆነበት አገር ነው። ከሰፈሩት መሃል ደግሞ ወደ ቀያቸው የተመለሱ አሉ። ከቀበሌህ ሰፈራ ሄዶ የተመለሰ ሰው አለ? ሲመለስ ምን ይዞ መጣ? መዝሙር? መጽሐፍ? ሚስት? እኔ ብሆን ይህን ጥያቄ ሳልጠይቅ አንድ ምዕራፍ አልጽፍም።

ሌላው መንገድ ሕክምናና ትምህርት ቤት ነው። የአሜሪካ ሉተራን ሚሽን ከ1950 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ወሎ ውስጥ ሠርቷል። ሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ደግሞ ከደሴ ብዙ ሳይርቅ ቦሩ ሜዳ ላይ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ያክም ነበር። እነዚህ ጴንጤቆስጤ አልነበሩም፣ ይህን ለይተህ ጻፍ። ግን ዘመድ ጎረቤት የሸሸው ሕመምተኛ እዚያ ወራትና ዓመታት ይቀመጥ ነበር፣ ሲድን ወይም ሲሻለው ደግሞ ወደ መንደሩ ይመለሳል። እንዲህ ያለ ሰው ከናንተ አካባቢ ነበር ወይ? አባትየውን ጠይቀው።

«ወረቀት የለም» ያልከውን ግን አልቀበልህም። አለ። ሳጥን ውስጥ ነው፣ ወይም ከጣሪያው ሥር በፌስታል ተጠቅልሎ ተሰቅሏል። የውሃ ጥምቀት የወሰዱ ሰዎች ስም ዝርዝር፣ ለቀበሌ የተጻፈ የቦታ ጥያቄ ግልባጭ፣ የአሥራትና የመባ ደረሰኝ ጉርድ፣ ከእናት ቤተ ክርስቲያን የመጣ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ፣ ጀርባው ላይ ቀን የተጻፈበት የሰርግ ፎቶ። የድሮ መጽሐፍ ቅዱሶችን የመጀመሪያና የመጨረሻ ባዶ ገጽ ግለጥ። ብዙ ቤተሰብ ልደትና ሞት የሚመዘግበው እዚያ ነው። በወረዳው ግልባጭ ግን አትተማመን። በጥቅምትና በኅዳር 2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ስንቱ ቢሮ እንደተዘረፈ አንተ ራስህ ታውቃለህ፣ ደሴ ሙዚየም እንኳ አልተረፈም። ስለዚህ ያገኘኸውን ሁሉ በስልክህ ፎቶ አንሳ፣ ዋናውን ለባለቤቱ መልስ፣ ፎቶውን ሦስት የተለያየ ቦታ አስቀምጥ።

የመዘምራን ደብተሮችና የድሮ ካሴቶችም ታሪክ ናቸው። መዝሙሩን ማን ደረሰው ብለህ ጠይቅ፣ ዜማውስ ከየት መጣ? አንተ የባቲና የአምባሰል አገር ልጅ ነህ። የገጠር እናት አምና ዘመረች ማለት ጆሮዋን ለወጠች ማለት አይደለም። ልጅ ሆና ለሰርግ የዘፈነችበት ቅኝት፣ ጎረቤት ሲዜም የሰማችው መንዙማ፣ ሁሉም መዝሙሯ ውስጥ ይሰማል። እናቶቹ የመጀመሪያዎቹን መዝሙሮች ሲዘምሩ በስልክህ ቅዳቸው። ሌላ ቦታ የማይገኝ ነገር ነው።

አሁን ወደ ከባዱ። ስለ ቀብሩ ጻፍ። እንዳትዘለው። ግን የናንተን ወገን ብቻ ሰምተህ አትጻፈው።

ቅሬ ለወሎ ገጠር ምን እንደሆነ ለአንተ አልነግርህም፣ ይህን ለሚያነብ የአዲስ አበባ ልጅ ግን ልናገር። የከተማው እድር ገንዘብና ድንኳን ነው ቢባል ብዙ አይሳሳትም። ቅሬ ግን ጉድጓድ የሚቆፍረው፣ ሬሳ የሚሸከመው፣ ንፍሮ የሚያመጣው፣ ሐዘንተኛውን የማያስተኛው መንደሩ ራሱ ነው። በብዙ ቦታ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ቅሬ ነው። ከቅሬ የወጣ ሰው እሳት አይጫርለትም። ስለዚህ ከቅሬ መውጣትና ቀብር መከልከል ለመጀመሪያዎቹ ምእመናን ከእስር የከበደ ነበር ብል ማጋነን አይመስለኝም። እስር ይፈታል። አባቱን ብቻውን የቀበረ ሰው ግን ያንን ቀን ይዞት ይኖራል። ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ ማን በሌሊት ተደብቆ አካፋ አዋሰ፣ ዝርዝሩን ጻፈው። በተለይ አካፋ ያዋሰውን።

ከዚያ ወደ ቅሬው ሰዎች ሂድ። ሸሁንም ቄሱንም አናግር። የድሮው የቅሬ ዳኛ ካለ እሱን፣ አበጋር (ጠብ አስታራቂ) የሆነ ሽማግሌ ካለም እሱን። እነሱ የሚነግሩህ ሌላ ነው። «እኛ አላባረርነውም፣ እሱ ነው የተወን» ይሉሃል። ማኅበሩን ተወ፣ ተዝካር አልበላም አለ፣ ወዳጃ (የጋራ ጸሎት) ላይ አልቀመጥም አለ፣ ልቅሶ ላይ ሙሾ ሲወርድ ተነሥቶ ሄደ፣ የአባቱን ነገር ጣዖት ነው አለ። በነሱ በኩል ቆመህ ብታየው መጀመሪያ የተቆረጡት እነሱ ናቸው። ይህን መጻፍ የናንተን መከራ አያሳንሰውም። እንዲያውም የሚያምነው ሰው ያበዛለታል።

አንድ ነገር ደግሞ እንድታስብበት እፈልጋለሁ። ወሎ ሃይማኖት መቀየርን በሩቅ አያውቀውም። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳው ጉባኤ በኋላ አፄ ዮሐንስ የወሎን ሙስሊም ክርስቲያን ሁን ብለው አዝዘዋል። ኢማም መሐመድ አሊ ራስ ሚካኤል የሆኑት ያኔ ነው። ያልፈለገው ተሰደደ፣ የቀረው ቀን ክርስቲያን ሌሊት ሙስሊም ሆኖ ኖረ። ከዚያ ሁሉ በኋላ ሰዉ በዘመድ በጋብቻ ተሳስሮ፣ እናት አንድ አባት ሌላ ሆኖ፣ አብሮ መኖሩን በብዙ ድካም አስተካከለው። እዚህ የተስተካከለ ቤት ውስጥ ሦስተኛ እምነት ሲገባ ሽማግሌዎቹ የደነገጡት ከክፋት ብቻ አይደለም። ይህን ያላስገባ ታሪክ የወሎ አጥቢያ ታሪክ አይሆንም፣ ሌላ አገርም ሊጻፍ የሚችል ይሆናል።

መከፋፈሉንም ጻፍ። አጭር አድርገው። «ጠላት ገባብን» ብለህ አትለፈው፣ ያ ምንም አይነግረንም። ጉዳዩ የቦታው ካርታ በማን ስም ይሁን ነበር? የመባው ሒሳብ ነበር? ወጣቶቹ የአዳር ጸሎትና ትንቢት ሲያበዙ ሽማግሌዎቹ ፈሩ? የሆነውን በግልጽ አስቀምጥ። የወጡትንም ሂድና አናግራቸው። የነሱን ቃል በነሱ አባባል፣ የናንተን በናንተ አባባል ጎን ለጎን አድርግ። ስድቡን አውጣ፣ ነገሩን ተው።

ስለ ስም በጣም ተጠንቀቅ። በደርግ ጊዜ መፈክር አላሰማም ብሎ የታሰረ ሰው ካለ ያሳሰረውን ሰው ስም ይነግሩሃል። የዚያ ሰው ልጅ ዛሬ እዚያው ቀበሌ ያርሳል፣ ምናልባትም ልጁ ካንተ እህት ልጅ ጋር ይማራል። ድርጊቱንና ሥልጣኑን ጻፍ፣ «የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር» በቂ ነው። ከሙስሊም ቤት ወጥቶ ያመነ ሰው በሕይወት ካለ ደግሞ ሳታስፈቅደው ስሙንም የቤተሰቡንም ስም አትጻፍ። ፈቅዶም ቢሆን «ልጆችህስ?» ብለህ ድጋሚ ጠይቀው።

ጥያቄ፦ ደሴ ነው የማስተምረው። ተማሪዎቼ ጴንጤቆስጤን ፈረንጅ ነው ያመጣው ብለው ይከራከራሉ። እውነቱ ምንድን ነው? ወደ ገጠርስ እንዴት ገባ? (መምህርት፣ ከደሴ)

መልስ፦ እህቴ፣ ግማሹ እውነት ነው። የፊንላንድ ጴንጤቆስጤ ሚሲዮናውያን በ1943 እና 44 ዓ.ም. ገቡ። ስዊድኖቹ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሐዋሳ ላይ ሥራ ጀመሩ፣ የክረምት የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርታቸው ብዙ ወጣት ሰብስቧል። የገነት ቤተ ክርስቲያን ከፊንላንዶቹ፣ ሕይወት ብርሃን ከስዊድኖቹ ሥራ የወጡ ናቸው። እስከዚህ ተማሪዎችዎ ልክ ናቸው።

ሌላው ግማሽ ግን የኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ታሪክ ነው። ሐረር፣ ናዝሬትና አዲስ አበባ ውስጥ ወጣቶች ለራሳቸው ተሰብስበው እየጸለዩ፣ በልሳን እየተናገሩ፣ በ1959 የሙሉ ወንጌል ቤተ ክርስቲያንን መሠረቱ። ቤተ ክርስቲያኒቱ የየትኛውም ሚሽን ልጅ አይደለችም። ያው ዓመት ሕጋዊ ፈቃድ ጠይቀው ተከለከሉ። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 የሃይማኖት ሥርዓት እንዳይከለከል ይል ነበር፣ ግን የሕዝብን ጸጥታ እስካልነካ ድረስ የሚል ሐረግ አለው፣ በዚያ በኩል በሩ ተዘጋ። በነሐሴ 1964 አዲስ አበባ ውስጥ 250 ያህል ሰው ለጸሎት በተሰበሰበበት ታሰረ። ደርግ ሲመጣ መጀመሪያ ትንሽ እፎይታ ነበር፣ ብዙ አልቆየም። የመካነ ኢየሱሱ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በሐምሌ 1971 ታፍነው ተገደሉ። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በጥር 1974 ተዘጋች፣ ንብረቷም ተወረሰ። አምልኮው በብዛት ወደ ቤት ለቤት የገባው ያኔ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 የእምነት ነጻነትን እስኪደነግግ ብዙ መንገድ ነበር።

ወደ ገጠር ያስገቡት ባብዛኛው እነዚሁ የተማሩ ወጣቶችና ተከታዮቻቸው ናቸው። መምህር ይመደባል፣ ድሬሰር (የጤና ረዳት) ይመደባል፣ የእርሻ ባለሙያ ይመደባል። ማታ መኝታ ክፍሉ ውስጥ ሦስት አራት ሰው ይሰበሰባል። በእርስዎ ሙያ ያሉ ሰዎች ድርሻ እንዳይረሳ ለተማሪዎችዎ ይንገሯቸው። በኛ አካባቢ ቁጥሩ ትንሽ መሆኑንም አይደብቁ። በ1999ኙ ቆጠራ በአገር ደረጃ ፕሮቴስታንቱ ከ18 ከመቶ በላይ ሲሆን በአማራ ክልል 0.2 ከመቶ ብቻ ነበር። ስለ አንድ የወሎ ገጠር አጥቢያ ስናወራ እጅግ ጥቂት ሰው ስለያዘ ቤት ነው የምናወራው፣ የደቡቡን ታሪክ አምጥተን እዚህ ብንለጥፈው አይሆንም።

ጥያቄ፦ እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ሽማግሌ ነኝ። ታናሽ እህቴ በወጣትነቷ ጴንጤ ሆና አባታችን ከቤት አስወጥቷት ነበር። በቅሬያችንም ብዙ ነገር ሆኗል። አሁን ከቤተ ክርስቲያኗ የመጡ ልጆች ታሪክ እንጽፋለን ንገሩን ይሉኛል። ብናገር እኛን ክፉ አድርገው ይጽፉናል ብዬ ሰጋሁ። ምን ትላለህ? (ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ)

መልስ፦ አባቴ፣ ይንገሯቸው። እርስዎ ዝም ካሉ ታሪኩ ሳይጻፍ አይቀርም፣ ያለ እርስዎ ይጻፋል። አባትዎ ለምን እንደተቆጡ ከእርስዎ የተሻለ የሚያውቅ የለም። እሳቸውስ በኋላ ምን አሉ? እህትዎ ለዒድ መጥታ ታውቃለች? እናትዎ በድብቅ እህል ይልኩላት ነበር? እነዚህን የሚናገር እርስዎ ነዎት፣ እህትዎ እንኳ ሁሉንም ላታውቅ ትችላለች።

ሲመጡ ብቻዎን አይቀመጡ። ከልጆችዎ አንዱ ይኑር፣ ቢቻል እህትዎም ብትኖር መልካም ነው። ቡናው ይፈላ፣ አይቸኩሉ። መቅዳት ከፈለጉ አስቀድመው ይጠይቁዎት፣ ካልፈለጉ «በእጅ ጻፉ» ይበሏቸው። ስምዎ እንዲወጣ ካልፈለጉም መብትዎ ነው። ያሉትን በጽሑፍ አድርገው ከመታተሙ በፊት ይዘው ይምጡና ጮክ ብለው ያንብቡልዎ። ያላሉት ነገር ከገባ ያስወጡ፣ የጎደለ ካለ ያስጨምሩ፣ ከዚያ በኋላ ይታተም ይበሏቸው። ይህን እሺ ካላሉ አይንገሯቸው።